ዶሮ አለችኝ በሰማይ

«በዓመት ስንት ትጥላለች?» የሚለው የደጋ ሰው ጥያቄ ነው። ድሬ ዳዋ ላይ አስተዋይ ገዢ ዶሮ ሻጩን የሚጠይቀው «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዴት ናት?» ብሎ ነው። ስምንት ሰዓት ድሬ ላይ የፍጥረት ሁሉ ገመና የሚገለጥበት ሰዓት ነው። የቢሮው ሰው ክራባቱን ይፈታል። የባጃጁ ሾፌር ከዛፍ ሥር አቁሞ እግሩን መሪው ላይ ይሰቅላል። በርጫ የተቀመጠው ሽርጡን ላላ አድርጎ ወደ ውሃው ይጠጋል። ፍየሏ እንኳ ገራባዋን ትታ የግድግዳ ጥላ ትፈልጋለች። በዚያ ሰዓት ክንፏን ከጎኗ አርቃ፣ አፏን ከፍታ፣ «ማነው እዚህ ያመጣኝ?» በሚል ዓይን የምታፈጥ ዶሮ ካያችሁ አያቶቿ ፈረንሳይ ወይም ሆላንድ ናቸው። እሷን አለፍ ብሎ፣ አንገቷ ላይ አንድ ላባ ሳይኖር አቧራ ውስጥ በደስታ የምትንደባለለው ደግሞ የአገር ልጅ ናት።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በእኛ ሰፈር በሳቢያን ሰሞኑን የዶሮ ወሬ በርትቷል፤ ወሬው ስለ ዋጋ ቢሆን ደግ ነበር፣ ስለ ቀለም ነው እንጂ። አንድ ወጣት ጎረቤቴ አክስቱ ከአሜሪካ በስልክ የላከችለትን ፎቶ ይዞ ሰፈሩን አዳርሷል። ፎቶው የእንቁላል ካርቶን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና የወይራ ፍሬ መልክ ያላቸው እንቁላሎች ተደርድረዋል።

«ቀለም ነክረውት ነዋ!» አሉ እናቱ፣ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው እያዩ።

«ኧረ ዶሮዋ ናት እንዲህ አድርጋ የምትጥለው፣ እማ!»

«ምን በልታ?»

«ምንም! ዘሯ ነው።»

«ካላመማት ዶሮ ሰማያዊ አትጥልም። እንዳትበላው!»

ልጁ ተስፋ ቆርጦ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ አንተ ታነባለህ፤ አስረዳልኝ አቦ! አክስቴ ስትመጣ የሚታቀፍ እንቁላል በሻንጣ ታመጣልኛለች። ድሬ ላይ አንደኛ እኔ ነኝ ማለት ነው።» («አንተ» ማለቱን እንደ ብልግና አትዩበት። ድሬ ላይ «እርስዎ» በሙቀቱ ከቀለጠ ቆይቷል። እናቱን «እሳቸው» የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ከደጋ የመጣሁ ነኝ፣ አመሉ አለቀቀኝም።)

ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ ማሰብ ነውር የለውም። ከተማዋ ራሷ ከውጭ በመጣ ነገር የተመሠረተች ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ቆላው ሜዳ ከተማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሽቶው፣ ሩዙ፣ ጨርቁ፣ ቴፑና ሰዓቱ እየጎረፈ ታይዋን የሚባል ገበያ እስከማቆም ደርሰናል። የሚፈለፈል እንቁላል ግን ሽቶ አይደለም። የእንስሳት ጤና ፈቃድ ካልያዘ ድንበር አያልፍም፤ ቢያልፍም በሻንጣ ውስጥ ሲናጥ የከረመ እንቁላል ዶሮ አቅፋው ብትሰነብት የምታተርፈው የጎን ሕመም ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» ያሉት አባቶቻችን ቢያንስ ላሚቱ ፈቃድ እንድታወጣ አልተጠየቁም ነበር።

ያም ሆኖ ለእናቱ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ሰማያዊ እንቁላል የምትጥል ዶሮ በእርግጥ አለች። አገሯ ቺሊ ነው፤ በደቡብ የማፑቼ ሕዝብ ከጥንት ሲያረባት ኖሯል። ሳልቫዶር ካስቴሎ የተባለ ስፔናዊ የዶሮ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1914 እዚያው ቺሊ አያትና ተገረመ፤ በ1921 ሄግ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የዶሮ ጉባኤ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብሎ አቀረባት። ዓለም ዛሬ አራውካና ይላታል። ከእነዚህ ዶሮዎች አንዳንዶቹ ጭራ የላቸውም። አንዳንዶቹ ከጆሯቸው ሥር የላባ ጉትቻ ያበቅላሉ፤ ይህ ጉትቻ ከአባትም ከእናትም ከተወረሰ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሳይሰብር ውስጡ ይሞታል። ለጌጥ ሲባል የሚከፈለው ነገር በሰውም በዶሮም ዘንድ ብዙ ነው።

ቀለሙ እንዴት እንደሚወረስ እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳየው ሬጂናልድ ፑኔት ነው። አዎን፣ ራሱ ነው! በሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አራት ክፍል ሳጥን እየሳልን «ትልቁ ቢ፣ ትንሿ ቢ» ስንል የኖርነው በእሱ ስም ነው። ያ ያስጨነቀን ሰው በአተርም በዶሮም ሲመራመር የኖረ የካምብሪጅ ሊቅ ነበር። ያገኘው ውጤት ቀላል ነው። ሰማያዊነት አሸናፊ ባሕርይ ነው፤ ጫጩቷ ከአንደኛው ወላጅ ብቻ ብትወርሰው ይበቃታል። እንግዲህ አስቂኙ ነገር፣ በዕድሜው አንድ እንቁላል ጥሎ የማያውቀው አውራ ዶሮ የሴት ልጆቹን እንቁላል ቀለም ተሸክሞ ይዞራል። ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ፣ ድፍን የሆነ ባለ ሁለት ድርሻ አውራ ከሆነ ሴት ልጆቹ ሁሉ፣ እናታቸው ማንም ትሁን ማን፣ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ይጥላሉ። እናቲቱ ቡናማ የምትጥል ከሆነች ልጂቱ የወይራውን መልክ ታመጣለች፤ ምክንያቱም ሰማያዊው ቅርፊቱን ዘልቆ ውስጥ ድረስ የሚገባ ሲሆን ቡናማው መጨረሻ ላይ ከላይ የሚለበጥ ነው። ጎረቤቴ በፎቶው ያየው የወይራ እንቁላል ይኸው ነው።

ድቅሏ ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ። ገበያ ላይ «ሰማያዊ ጣይ» እየተባለች የምትሸጠው ድቅል ብዙውን ጊዜ የያዘችው አንድ ድርሻ ብቻ ነው። የእሷን እንቁላል ከተራ አውራ አስፈልፍሎ እንደ እናታቸው የሚጥሉ ቄቦች የሚጠብቅን ሰው፣ ግማሾቹ ሌላ ቀለም ጥለው ያሳፍሩታል። በመጀመሪያው ትውልድ የታየው ብርታትም በልጅ ልጅ እየሳሳ ይሄዳል። ድቅል ዶሮ ለመጣል ትገዛለች እንጂ ለዘር አትቀመጥም፤ ይህ ለሰማያዊዋም ለኛዋ የፈረንጅ ድቅል ለሳሶም እኩል ይሠራል።

የልጁን እናት ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ሰማያዊ የሚያደርገው ቢሊቨርዲን የተባለ ውህድ ነው፤ ሰው ተመትቶ ሲበልዝ ቁስሉ ከቀናት በኋላ አረንጓዴ የሚሆነው በዚሁ ነው። ይህ ነገር ወደ ቅርፊቱ እንዲፈስ በሩን የከፈተው ምን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች ደረሱበት፤ አንድ የጥንት ቫይረስ በዶሮዋ ዘረ መል ውስጥ ገብቶ ተሰንቅሮ ቀርቷል። በቺሊዋም ሰማያዊ በሚጥሉ የቻይና ዶሮዎችም ቫይረሱ ለየብቻው ገብቶ ያንኑ ሥራ ሠርቷል። «ካላመማት ሰማያዊ አትጥልም» ያሉት ሴትዮ ላቦራቶሪ ሳይገቡ ደርሰውበታል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው «አላልኩም?» ብለው ልጃቸውን ገላመጡት። እንቁላሉ የማይጎዳ መሆኑን ለመጨመር ብሞክርም መስማት አልፈለጉም።

እውነት ለመናገር የቀለም ነገር በእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ እኛ የምናየው ግን ላባውን ነው። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛግራ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር እያልን ስንመርጥ አንዱ ለበዓል፣ አንዱ ለመድኃኒት ይሆናል። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጠላ ነው ድርብ ነው ብለን ደግሞ እንከራከራለን፤ ድርብ ያለው አውራ ዋጋው ከፍ ይላል። (ለጨዋታ ያህል፣ አንደኛው ዓይነት ድርብ የሚወረስበት ዘረ መልና የሰማያዊው እንቁላል ዘረ መል በአንድ ክሮሞሶም ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። ይህን ሰምታችሁ የቀፊራ ገበያን ድርብ ሁሉ ሰማያዊ ያስጥላል ብላችሁ እንዳትገዙ፤ ጎረቤት መሆን ዘመድ መሆን አይደለም።) ለሙቀት አገር ከሆነ ግን ምርጫችን ተገላቢጦሽ ነው። ትልቁ ነጠላ ሥጋ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ሙቀትን ወደ ውጭ ይጥላል። ድርቡ ያምራል፣ ሙቀት በማስወጣት ግን ነጠላው ይበልጠዋል።

የእንቁላሉን ቅርፊትስ ማን ያየዋል? ማለዳ ቀፊራ አካባቢ ፈጢራ የሚጋግረውን ሰው ቆማችሁ ተመልከቱ። ሊጡን በመዳፉ እየመታ ያሰፋዋል፣ ዘይት የጠገበው ብረት ላይ ይዘረጋዋል፣ በግራ እጁ እንቁላሉን ብረቱ ጠርዝ ላይ ኳ አድርጎ ይሰብርና ቅርፊቱን ዓይኑን እንኳ ሳያዞር ወደ ባልዲው ይወረውረዋል። በዚያ ባልዲ ውስጥ ሰማያዊ ቢኖር፣ ወርቃማ ቢኖር፣ ማንም አያውቅም። ተራ የሚጠብቀው ደንበኛ ግን አስኳሉ ሊጡ ላይ ሲፈስ አንገቱን ያሰግጋል። ነጣ ካለ ፊቱ ይጠቁራል። «የፈረንጅ ነው እንዴ?» ይላል። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ሆኖ ሳለ ከፈረንጁ በላይ የሚሸጠው ለዚህ ነው፤ ሰዋችን የሚከፍለው ለአስኳሉ ቢጫ ነው። ያ ቢጫ ደግሞ ከዘር የሚመጣ ሳይሆን ከሚበላው ነው። የኛ አካባቢ እህል ማሽላ ነው፤ በነጭ ማሽላ ብቻ የዋለች ዶሮ የምትጥለው አስኳል የገረጣ ነው፣ ሳሶም ትሁን የሐበሻ። ቢጫ በቆሎ፣ አልፋልፋ፣ የጎመን ቅጠል ወይም የደረቀ የሽፈራው ቅጠል የጨመረላት ሰው የፈረንጇን እንቁላል የሐበሻ አድርጎ ያወጣዋል። ሽፈራው በድሬ አፈር ያለ ብዙ ልመና ይበቅላል። ለቀለም የሚቆረቆር ሰው ካለ ሥራው እዚህ ላይ ነው።

የፈረንጅ ዶሮ ወደኛ አካባቢ የወረደችው በቅርብ ጊዜ እንዳይመስላችሁ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በነበረበት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ እዚያ ግቢ ውስጥ ነበሩ። በኋላ ቦቫንስ ብራውን መጣች፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኮኮክ መጣች፣ ፈረንሳዊቷ ሳሶ መጣችና አገሩን ሞላችው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲታወጅ ደግሞ ዶሮ የመንግሥት አጀንዳ ሆነ፤ ስብሰባ ላይ ስለ ጫጩት የማይናገር ሹም ጠፋ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ አፍ ያስከፍታል። የሐበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ገደማ ጥላ፣ በመሃል አቅፋ፣ ጫጩት አሳድጋ፣ ሸለምጥማጥ አባርራ ትውላለች። ድቅሏ መኖና እንክብካቤ ከተሟላላት ወደ 300 ትጠጋለች፣ መታቀፍ የሚባል ነገር ግን አታውቅም። አንዷ ቤተሰብ ናት፣ አንዷ ፋብሪካ።

ፋብሪካ ደግሞ ቦታ ይመርጣል። ሐረማያ ከባሕር በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ በ1,200 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው የደንገጎ ቁልቁለት አለ። የአርባ አምስት ቀን ቄቦች በካርቶን ታጭቀው ያንን ጥምዝምዝ ሲወርዱ፣ አፋፉ ላይ ይጯጯሁ የነበሩት ታች ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል። ካርቶኑ ሲከፈት ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ያያችኋል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የመጡ ከሆነ፣ ከመኖው በፊት ውሃ፣ ከውሃው ጋር ጥላ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ማወቅ ከማንኛውም የዘር ምርጫ በላይ ይጠቅማል። ዶሮ ላብ የላትም። ሰውነቷ በጤናዋም ቀን ወደ 41 ዲግሪ ነው፤ ውጭው ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ አምስት ሲገባ ያላት ዋናው መላ ማለክለክ ነው። ስታለከልክ ከሳንባዋ የሚወጣው አየር የደሟን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞባት ይሄዳል። ቅርፊት ደግሞ የሚሠራው ከካልሲየምና ከዚያው ከደሟ ካርቦኔት ነው። ስለዚህ እየተነፈሰች የራሷን ቅርፊት ወደ ሰማይ ትበትናለች ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ሙቀቱ መኖ ያስጠላታል፤ የሚገባውም ካልሲየም ያንሳል። ውጤቱ በጣት ሲነኩት የሚጎደጉድ፣ ሱቅ ሳይደርስ የሚሰነጠቅ እንቁላል ነው።

ይህ በድሬ ላይ ሲሆን ያስቆጣል። ምክንያቱም ድሬ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ላይ ነው! የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚህ የተተከለው ለነፋሱ ሲባል አይደለም፣ ለድንጋዩ ነው። ውሃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቧንቧ ይዘጋል፤ የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍናል። የእንቁላል ቅርፊትም ከመቶው ከዘጠና በላይ ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ተራራው ኖራ፣ ውሃው ኖራ፣ ማንቆርቆሪያው ኖራ ሆኖ እንቁላሉ ብቻ ኖራ ያጣበት ከተማ ነው የምንኖረው። ጎረቤቴ ቀለሙን ሲያስብ እኔ የማስበው ይኼን ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ የተሰነጠቀ እንቁላል ከነጭ ስንጥቅ የበለጠ ዋጋ አያወጣም።

መላው ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ዶሮ እንቁላሏን ሠርታ ለመጣል አንድ ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ ከዚያ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የቅርፊት ነው፣ ብዙውም በሌሊት ይውላል። ስለዚህ ድሬ ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ የሚሰጠው ማታ ነው፣ ጠጠር ጠጠር ያለውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሟሟላት። (የቤት መቀቢያውን የተቃጠለ ኖራ አላልኩም፤ እሱ አንጀቷን ያቃጥላታል።) መኖው በጎህና ከጀምበር ግባት በኋላ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ መኖ መስጠት እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው፤ መፍጨቱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ውሃው በፕላስቲክ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ከዋለ ሻይ ይሆናል፤ የሸክላ ገንቦ በጥላ ሥር ከተቀመጠ ግን በሚያዝያም ይቀዘቅዛል። የቤቷ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፣ የጧትና የማታ ፀሐይ በጎን እንዳይገባ። ግድግዳው እስከ ጉልበት፣ ከዚያ በላይ ወንፊት ሽቦ። ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ላዩን ኖራ ቀቡት ወይም ሣር ጫኑበት። ባለ ብሎኬት፣ መስኮት የሌለው፣ በር የሚቆለፍበት የዶሮ ቤት የሠራ ሰው ዶሮ ቤት ሳይሆን ምድጃ ነው የሠራው።

ፈንግል ስለሚባለው የዶሮ በሽታ አጭር ነገር ልናገርና ልለፍ። ከሙቀት የተረፉትን ፈንግል በአንድ ሳምንት ጠራርጎ ቤቱን ያራግፈዋል። ክትባቱ ርካሽ ነው፣ በዓይን ጠብታም በውሃም ይሰጣል፤ ግን ከበረዶ ወጥቶ ድሬ ፀሐይ ላይ የቆየ ጠርሙስ ክትባትነቱ ቀርቶ ውሃ ሆኗል። ጎህ ሳይቀድ ስጡ። በተጨማሪ፣ ጣይ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የእኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ማታ አንዲት አምፖል ሁለት ሦስት ሰዓት ብትበራ ይጠቅማል፣ መብራቱ ካልጠፋ።

እንግዲህ ወደ ዘር ምርጫው። ቀፊራ የሄድኩበት አንድ ቀን፣ ጥላው ሥር ዶሮ ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት አዴ የያዟቸውን ሁሉ ሽጠው አንዲት አንገተ መላጣ ቀርታቸዋለች። ከፊቴ የነበረ አንድ የቢሮ ሰው በጣቱ ጠቆማት።

«ይቺ ምን ሆና ነው? አንገቷን ታማለች?»

«አልታመመችም። ሞቋት አወለቀችው! አንተስ ሸሚዝህን አልከፈትክም?»

ሰውየው ሦስት ቁልፍ ከፍቶ ነበር። ሳቀና አልገዛም። ማንም አይገዛትም፤ ቀይ አንገቷ ገበታ ላይ ይመጣብኛል ብሎ የሚፈራ አለ፣ ለእንግዳ አትቀርብም የሚል አለ። ለዚህም ነው ዋጋዋ ሁልጊዜ ከጓደኞቿ ያነሰው። ሥራዋን ለሚያውቅ ግን አዴ የተናገሩት ሳይንስ ነው። መላጣነቷ በሽታ ሳይሆን ዘር ነው፤ ከሁለት ወላጅ የወረሰችው ከሌላ ዶሮ እስከ 40 በመቶ ያነሰ ላባ ትለብሳለች። ያ ባዶ አንገት ሙቀት የሚወጣበት መስኮት ነው። ላባ ለመሥራት ትጨርሰው የነበረ ፕሮቲንም ለሥጋና ለእንቁላል ይተርፋታል።

ይህን የምለው ከአዴ ብቻ ሰምቼ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አበራ መለሰ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን አገር ሃለ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚችው በአንገተ መላጣ ላይ ነው፤ እሷንና ከንግድ ጣይ ዶሮዎች ጋር የተዳቀሉ ልጆቿን ለረጅም ጊዜ ሙቀት ውስጥ አኑሮ ሰውነታቸው እንዴት እንደሚቋቋመው መርምሯል። እኛ ቀፊራ ላይ የምንስቅባት ዶሮ ጀርመን ድረስ ዶክተር አስመርቃለች።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ገበያው?» አለኝ። ገበያው ለድሬ ሰው ችግር አይደለም፣ ይልቅ በዚህ ነገር ከአዲስ አበባ እንበልጣለን። እዚያ ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላል ሻጭ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እዚህ ክርስቲያኑ ሲጾም ሙስሊሙ ጎረቤቱ ፈጢራውን ያዛል፣ በረመዳን ደግሞ ቀን የተኛው ገበያ ማታ ይነቃል። ዶሮዋ የማንን ጾም እንደምትጠብቅ ግራ እየገባት ዓመቱን ሙሉ ትጥላለች።

ልጁ ሐሳቡን አልተወም፤ እኔም እንዲተው አልፈልግም። ሰማያዊ እንቁላል ቢያምረው ምን አለበት? የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን እንዳይጥል ብቻ ነው የምሻው። የሰማያዊው ባሕርይ አሸናፊ ነው፤ የአንገተ መላጣም እንዲሁ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ይታያል። ድፍን ሰማያዊ የሚያስጥል አውራ ከድፍን መላጣ የድሬ ሴት ዶሮ ጋር ቢገናኝ፣ ፑኔት ሳጥኑን ሳይስል እንኳ መልሱ ይታወቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሴት ልጆች ሁሉ አንገታቸው የተራቆተ፣ እንቁላላቸውም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ይሆናል። መልካቸው ለፎቶ እንደማይሆን ግልጽ ነው። ፎቶ የሚነሣው ግን እንቁላሉ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሐረማያ ላይ ላላችሁ የዶሮ ተመራማሪዎች ነው። አውራውን በሕጋዊ ፈቃድ፣ በኳራንታይን አድርጋችሁ እናንተ አስመጡልን፤ ይህ የአክስት ሻንጣ ሥራ አይደለም። ሙከራውን ደግሞ እባካችሁ በሐረማያ ብርድ ሳይሆን ደንገጎን ወርዳችሁ እዚሁ ድሬ፣ በግንቦት ሥሩት። አንገተ መላጣዎቹን እኛ ከቀፊራ እናቀርባለን፤ ዋጋቸው እስካሁን ርካሽ ነው።